በጎማ ጣሪያ ላይ ታፔላ ላቆሙት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ኒቆዲሞስ አሰፋ
የተንቀሳቃሽ ዓይን ሕክምና ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐረር

ክቡር ሆይ፤

የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። በተለይ ወገብዎ እንዴት ነው? በምረቃው ዕለት ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያጎነብሱ እንደዋሉ ስለሰማሁ ከዚያን ቀን ጀምሮ አሳስቦኛል። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ወላጅ እናትዎ ወይዘሮ ሥራዬ፣ እንዲሁም ቢሮዎ ውስጥ በቅርቡ የተነጠፈው ቀይ ምንጣፍ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ሸዋ በር ባለችው የጎሚስታ ቤቴ፣ ከኮምፕሬሰሬና ከአሮጌ ጎማዎቼ ጋር ደኅና ነኝ። የታመመው ስሜ ብቻ ነው፤ ይህችን ደብዳቤ የምጽፍልዎም ስለ እሱ ነው።

ደብዳቤውን ግልጽ ማድረጌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ ሁለት ጊዜ ጽፌልዎ ነበር። ጸሐፊዎ ሁለቱንም በክብር ተቀብላ በክብር አስቀምጣቸዋለች፤ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ መልስ ልጠይቅ ብመጣ እዚያው ከአበባ ማስቀመጫው ሥር፣ እንደታሸጉ አገኘኋቸው። ፖስታ መክፈት ለሥራዎ ብዛት አልመች ብሎዎት ይሆናል ብዬ ስላሰብኩ ሦስተኛውን እኔው ከፍቼ ላክሁልዎ። ጎሚስታ ይህን ያህል ደብዳቤ ከየት አመጣ የሚል አንባቢ ካለም፣ ከአርባ ዓመት በፊት በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ መሆኔን፣ ጎማ እስኪደርቅ በሚጠበቅበት ሰዓት ሁሉ ደግሞ የማነብ ሰው መሆኔን እርስዎ ሊመሰክሩልኝ ይችላሉ። ምስክርነት ለመስጠት ፈቃደኛ በሚሆኑበት ቀን ማለቴ ነው።

የከተማችን ሰው እንዲከተለን ነገሩን ከመነሻው ልጀምር። ከአራት ዓመት በፊት አገር ላገር በመኪና የሚዞሩ የውጭ አገር ባልና ሚስት ሽማግሌዎች፣ አልጋውና ማድቤቱ ውስጡ ያለ ትልቅ መኪናቸውን ይዘው እኛ ከተማ ሲደርሱ ሞተሩ ሞተባቸው። መለዋወጫውን ሁለት ወር ጠብቀው ቢሰለቻቸው፣ ዓይናቸውን ለታመሙ ሰዎች መታያ ይሁን ብለው መኪናዋን ለከተማው ሰጥተው በአውሮፕላን ተመለሱ። በኋላ ሞተሩ ተጠገነ፣ አልጋው ወጣ፣ በቦታው የዓይን መመርመሪያ መሣሪያ ገባ፣ እርስዎም ኃላፊ ሆነው ተሾሙላት። ሰዉ «ቤቷ» ይላታል። ሾፌሩ ጀማልና ነርሷ ሊድያ በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ድሬ ጠያራ ገጠር ድረስ ይዘዋት ይወጣሉ፤ ከተማ ድረስ መምጣት ላልቻለ ሽማግሌና አሮጊት መታከሚያው ደጁ ድረስ ይመጣለታል። እንግዲህ የዚህች ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ አይደለም፤ በስስ ጣውላ ላይ የተለጠፈ ወፍራም የጎማ ንጣፍ ነው። የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ለጎማ ርኅራኄ የለውም። በአራት ዓመት ውስጥ ጎማው ሲነኩት ዱቄት የሚሰጥ ሆነ፣ ተሰነጣጠቀ፣ ጠርዝ ጠርዙም መነሣት ጀመረ።

ቅሬታዎቼን በቢሮዎ ደንብ መሠረት ተራ ቁጥር ሰጥቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ክብር ጥሪዎ። በግንቦት ወር መጨረሻ እርስዎ ራስዎ፣ ያውም በእግርዎ፣ ጎሚስታ ቤቴ ድረስ መጥተው ከበሩ አጠገብ ባለው ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ተቀመጡ። ሱሪዎ እንዳይቆሽሽ ጋዜጣ ላንጥፍልዎ ብል እምቢ አሉኝ። ሦስት ጋራዥ ዞረው ሦስቱም ጎማውን ገንጥለን ቆርቆሮ እንምታበት እንዳሉዎት፣ ቆርቆሮ ደግሞ ለዚያች መኪና እንደሚከብዳት አጫወቱኝና፣ «ጋሼ፣ ከእርስዎ ሌላ የጎማ ጠባይ የሚያውቅ ሰው የለኝም» አሉኝ። አርባ ዓመት ጎማ ሲለጥፍ የኖረ ሰው እንዲህ ሲባል ልቡ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ አውቀውም ነው ያሉት። ስለ ክፍያ ሊያነሡ ሲሉ ንግግርዎን ያቋረጥኩት፣ ለማያውቀን አንባቢ ልንገረውና፣ እርስዎ የክርስትና ልጄ ስለሆኑ ነው። ከልጁ የእጅ ዋጋ የሚቀበል አባት አላውቅም።

ሥራውን አብረን ሠራነው። ቤቷን በሐኪም ጋራ ሥር ባለው ግቢ አቁመን፣ ጣሪያውን በሳሙናና በውኃ ብቻ ሁለት ጊዜ አጠብነው፤ ቤንዚን ጎማ ስለሚያቀልጥ ወደ መሰላሉ እንኳ እንዳይቀርብ ከለከልኩ። በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ጣውላው የበሰበሰበትን ቦታ ለየሁ፤ ሁለት ቦታ ላይ አዲስ ጣውላ ገባ። ከዚያ ቀዳዳዎቹን መፈለግ ነበረብን። ሌላው ሰው ጣሪያው የሚያፈስበትን ለማወቅ ዝናብ ይጠብቃል፤ ጎሚስታ ግን በዚህ በኩል ትዕግሥት የለውም። በሩንና መስኮቶቹን ሁሉ በፕላስተር አሽገን፣ የኮምፕሬሰሬን ቱቦ በአንዲት ክፍተት አስገብተን፣ ቤቷን እንደ ጎማ ካላማዳሪ ቀስ አድርገን ነፋናት። ከላይ ደግሞ የሳሙና ውኃ አፈሰስንባት። አረፋ የወጣበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ አለው ማለት ነው።

ያን ጊዜ ክቡርነትዎ ሱሪዎን እስከ ጉልበትዎ ሰብስበው፣ ጣሪያው ላይ በሆድዎ ተኝተው፣ «ይኸው ሌላ፣ ይኸው ሌላ» እያሉ አረፋ ሲቆጥሩ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር። እኔ ቦታውን አድርቄ በብርጭቆ ወረቀት ካሸሁ በኋላ፣ ምልክቱ እንዳይጠፋ እያንዳንዱን ቀዳዳ ከቢሮ ባመጡት ማርከር ከብበው ቁጥር የጻፉበት እርስዎ ነዎት። አሥራ አንድ ሆነ። በአሥራ አንደኛው ላይ ደግሞ ሰነድ እንደሚያጸድቁ ሁሉ ፊርማዎን አሳረፉበት፤ ሊድያ ከታች ሆና «ማኅተሙስ?» ብላ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ልጣፊዎቹን ክብ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ማዕዘን ያለው ልጣፊ ከማዕዘኑ ስለሚነሣ በእኛ ሙያ ማዕዘን አይቆረጥም። በማስቲሽ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየተጫንን ለጠፍናቸው። በላዩ ላይ ከአዲስ አበባ ያስመጡትን ነጭ ፈሳሽ ጎማ በመጀመሪያው ቀን በቁመት፣ በማግስቱ በወርድ ቀባን። በመጨረሻም ቤቷን እንደገና ነፋናት። አንድም አረፋ አልታየም።

ከመሰላሉ ስወርድ የነገርኩዎት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀለሙ እስኪጠነክር ለአምስት ቀን ማንም እንዳይረግጣት፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን ምንም ነገር እንዳይበሳት። እርስዎም እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው «በእኔ ይጣሉት ጋሼ» አሉኝ። እኔም ጣልኩት። እንግዲህ አንደኛው ቅሬታዬ ሥራውን እንዲህ አሳምረን መሥራታችን ነው። አበላሽቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቢያንስ የምቀበለው ጥፋት አላጣም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ታፔላው። ከተለያየን በሦስተኛው ቀን የቤቷ እድሳት ተመረቀ። የምረቃውን ወሬ ከጀማል የሰማሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ የጥሪ ወረቀቴ መንገድ ላይ ጠፍቶ መሆን አለበት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ ከላይ የሚበር ካሜራ እንደሚመጣ ሲነገርዎ፣ ከሰማይ ለሚያይ ሰው የሚነበብ ነገር በጣሪያው ላይ እንዲኖር መሻትዎን ስሰማ እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ሁለት ሜትር ተኩል የሚረዝም ታፔላ ታዘዘ። በላዩም የጽሕፈት ቤቱ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ «በክቡር አቶ ኒቆዲሞስ አሰፋ አመራር ታደሰች» የሚል ተጻፈበት። ሁለት ሰዎች ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ገና ያልጠነከረው ቀለም ላይ ወጥተው፣ በመሰርሰሪያ ስምንት ቦታ በስተው፣ ታፔላውን በስምንት ብሎን አሰሩት። ጀማል «ጋሽ እንደሻው እንዳትበሱ ብለዋል» ብሎ ሲለምን፣ ከእርስዎ ያገኘው መልስ «ለአንድ ቀን ነው» የሚል ነበር።

እኔና እርስዎ አሥራ አንዱን ለመድፈን ሦስት ቀን ፈጅቶብን ነበር፤ ስምንቱን ለመብሳት ግን ሩብ ሰዓት በቂ ሆኗል። ይህን ፍጥነት ለሌሎች መሥሪያ ቤቶችም በተሞክሮ እንዲያካፍሉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ምስሉንም አይቼዋለሁ፤ የጎረቤቴ ልጅ ሃና በስልኳ አሳየችኝ። ከላይ ሲታይ እውነትም ያምራል። የእኔ ነጭ ቀለም ስምዎን አጉልቶ አውጥቶታል፤ ለዚህ አስተዋጽኦዬ ምስጋና ባይደርሰኝም ቅር አይለኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ፌስታሉ። ቃልዎን አክባሪ ነዎትና ታፔላው እንዳሉት በማግስቱ ተነሣ። ቀዳዳዎቹ ግን አብረው የሚነሡ አይደሉም። ያነሡት ሰዎች በየቀዳዳው የፌስታል ቁራጭ ጠቅጥቀው፣ በላዩ የግድግዳ ቀለም ቀብተው ሄዱ። እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን ሸዋ በር ሆኜ የሚኒባስ ጎማ ስነፋ ነበር፤ ማንም አልጠራኝም። አንድ ሰው ልከው «ጋሼ፣ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ» ቢሉኝ ኖሮ ስምንት ክብ ልጣፊ በኪሴ ይዤ እመጣ ነበር፤ ተቆጥቼም ቢሆን እመጣ ነበር።

በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ሐኪም ጋራ ላይ ጠቁሮ የዋለው ደመና ወረደ። ሊድያ በሩን ስትከፍት ውኃው መመርመሪያው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ጋውኗን አውልቃ መሣሪያውን ሸፈነችው፤ ነጠላዋንም ደረበችበት፤ ግን ውኃው ቀድሟት ነበር። መሣሪያው እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ለጥገና እንደሄደ ነው። ክቡርነትዎ አንድ ነገር እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ። ሊድያ በወለሉ ላይ ሳፋና ባልዲ ስትደረድር፣ ውኃው የሚወርደው ከስምንት ቦታ፣ በሁለት ቀጥ ያለ መስመር፣ አራት ከዚህ አራት ከዚያ ሆኖ አግኝታዋለች። ፀሐይ የጨረሰው ጎማ እንዳገኘ ይሰነጠቃል እንጂ በማስመሪያ ተለክቶ አይበሳም። ይህን ለመረዳት ጎሚስታ መሆን አያስፈልግም፤ ኮሚቴም ማቋቋም አያስፈልግም ነበር።

አራተኛው ቅሬታዬ ስለ ስብሰባው ነው። በተራው ልጽፈው ጀምሬ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁና ለጊዜው ልለፈው። ተመልሼ እመጣበታለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ማስታወቂያው። ከስብሰባው በኋላ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ባለው ሰሌዳ እንዲህ የሚል ወረቀት ተለጠፈ፦ «የተሽከርካሪዋ ጣሪያ ያፈሰሰው በጠጋኙ በአቶ እንደሻው ወልደ ጊዮርጊስ የሙያ ጉድለት መሆኑ ተረጋግጧል።» ስሜን ከነአባቴ ሳይሳሳቱ ስለጻፉት አመሰግናለሁ፤ ብዙ ቢሮ ወልደ ጊዮርጊስን አሳጥሮ ነው የሚጽፈው። አባቴ ይህ ስም በመንግሥት ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ለማየት ሲመኝ ኖሮ ሞቷል፤ እንኳንም ሞተ።

ወረቀቱ ከወጣ ጀምሮ የሸዋ በር ሚኒባስ ሾፌሮች ጎማቸውን ከለጠፍኩላቸው በኋላ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡታል። ለቀልድ ነው፤ እኔም እስቃለሁ። ከመካከላቸው ግን አንዳንዱ መንገድ ተሻግሮ ወደ ሌላ ጎሚስታ መሄድ ጀምሯል፤ እሱ ቀልድ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከእኔ ሌላ ማንም ጎማውን ነክቶለት የማያውቅ አንድ የጭነት ሾፌር ባለፈው ሳምንት በደጄ ሲያልፍ ሰላምታ ሰጥቶኝ፣ ፊቱን መልሶ አለፈ። እንዳፈረልኝ ያስታውቅ ነበር።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ኸዲጃን ነው። ኸዲጃ የድሬ ጠያራ ሴት ናት፤ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ «ቤቷ» ድሬ ጠያራ ስትመጣ ሊድያ ካየቻት በኋላ ለቀዶ ሕክምና እንድትላክ ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። በተቀጠረችበት ቀን መንገድ ዳር ወጥታ እስከ ማታ ጠብቃለች። ባለፈው የገበያ ቀን ልጇ ፋጡማ እጇን ይዛ ሸዋ በር ስታደርሳት፣ የጎሚስታውን ቤት አሳዩኝ ብላ መጣች። አልተቆጣችም። እጄን ፈልጋ ያዘችና፣ «እንደሻው፣ ዓይኔን የምታየዋን ቤት ያበላሸሃት አንተ ነህ ይላሉ። ወላሂ እውነት ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? አይደለሁም ብል ቀጥላ «ታዲያ ማን ነው?» ማለቷ አይቀርም። የክርስትና ልጄ ነው የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። «አላህ ያውቃል» አልኳት።

«እሱማ ያውቃል» አለች፤ «እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው።»

የልጇን እጅ ይዛ ሄደች። ክቡርነትዎ፣ ኃላፊነትዎን እንዲህ ተሸክሜልዎታለሁ፤ ያን ቀን አንዲት ሴት ፊት ቆሞ፣ ስምዎ እንዳይነሣ ብሎ ዝም ያለው ሰው እኔ ነበርኩ።

ስድስተኛ፤ ስለ ሬንጁ። አሁን ደግሞ ኮሚቴው «ለዘለቄታው» በጣሪያው ላይ ሬንጅ እንዲፈስበት መወሰኑን ሰማሁ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ላይ ፌዜን ትቼ ልለምንዎ። ሬንጅ ጎማ ይበላል። በዕለቱ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ለካሜራ ያምራል፤ በመስከረም ግን ጎማው ከሥሩ ለስልሶ፣ አብጦ፣ ከጣውላው ተላቆ ይመጣል። ያን ጊዜ የምጠግነው ነገር አይኖርም፤ ቤቷም በሐኪም ጋራ ሥር የዶሮ ማደሪያ ሆና ትቀራለች። የእኔን ስም ደግመው ቢለጥፉ እንኳ ቅር አይለኝም፤ ሬንጁን ብቻ ያስቀሩት።

አሁን ወደ አራተኛው እመለሳለሁ።

የአጣሪ ኮሚቴው አባላት ከበላይ መሥሪያ ቤት መጥተው በአዳራሽዎ ሲሰበሰቡ እኔም ተጠርቼ ነበር። የተቀመጥኩት በመጨረሻው ረድፍ ነው፤ ለመናገር ሳይሆን ለመስማት እንደተጠራሁ በሩ ላይ ተነገረኝ። ሰብሳቢው ሪፖርቱን ሲያነቡ ስለ ታፔላ አንድም ቃል አልነበረበትም። ሦስት ጊዜ እጄን አነሣሁ፤ ሦስቴም መድረኩ ለአባላት ብቻ መሆኑ ተነገረኝ። እጄን አወረድኩ። ከዚያ ሰብሳቢው፣ ፍትሕ እንዳይጓደል ይመስለኛል፣ መነጽራቸውን አውልቀው «ሥራው ሲሠራ በቦታው የነበረ፣ ስለ ጥራቱ ሊመሰክር የሚችል ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

ክቡርነትዎ ከሰብሳቢው ቀኝ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበሩ። ያ ማርከር በእጅዎ ላይ ነበር። ክዳኑን ከፈቱት፣ ዘጉት፤ ከፈቱት፣ ዘጉት። እኔ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ጣሪያው ላይ ተኝተው አረፋ ሲቆጥሩ እንደነበረው ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ስደርስ ሰብሳቢው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ መጽደቁን ገለጡ። እርስዎም ፈረሙ። ስወጣ በሩ አጠገብ ተገናኘን፤ ስልክ ጆሮዎ ላይ አድርገው ነበር፤ ስልኩ ግን እንዳልበራ አይቻለሁ።

ለዚህ የተሻለ ጨዋ ቃል ፈልጌ ሦስት ቀን አሰብኩ። አላገኘሁም። ክቡር ሆይ፣ ከድተውኛል። ታፔላውን እንደ ስህተት፣ ፌስታሉን እንደ ስንፍና ቆጥሬ ልተወው እችል ነበር፤ ሰው ነን፣ ወንበርም ያሳስታል። ያ ዝምታ ግን አውቀው ያደረጉት ነው። አለቆች ፊት ምን ያህል እንደሚፈሩ አውቃለሁ፤ ልጅም ሆነው አስተማሪ ሲቆጣ ምላስዎ ይታሰር ነበር። ያኔ ግን የሚጎዱት ራስዎን ነበር።

ጥያቄዬ አጭር ነው። በሰሌዳው ላይ ያለው ወረቀት ይነሣ፤ በቦታው እውነቱን የያዘ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከእርስዎ ፊርማ ጋር ይለጠፍ። ከሥልጣን ይውረዱ አልልም፤ ይቅርታ ይጠይቁኝም አልልም። በተረፈ ሬንጁ ይቅርና ሦስት ፀሐያማ ቀን ይሰጠኝ፤ ስምንቱን እደፍናቸዋለሁ። ልጣፊዎቹን ቆርጬ ጨርሻለሁ፤ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጠዋል።

ቸኩለው ላለመለሱልኝ መልስ፣ ላልጠሩኝ ጥሪ፣ ላልተናገሩልኝ ቃል ያለኝን ልባዊ ምስጋና እያቀረብኩ፣ የሥራ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ጣሪያዎም ሁልጊዜ ደረቅ እንዲሆን ከልብ የምመኝ፤

እንደሻው ወልደ ጊዮርጊስ
በጽሕፈት ቤትዎ ውሳኔ የሙያ ጉድለት የተረጋገጠበት ጎሚስታ
ሸዋ በር፣ ሐምሌ 9 ቀን

ግልባጭ፦
ለሾፌር ጀማል
ለነርስ ሊድያ
ለወይዘሮ ኸዲጃ (ፋጡማ ታነብላታለች)
ለማስታወቂያ ሰሌዳው (ከእርስዎ ወረቀት ጎን በራሴ ማስቲሽ ስለለጠፍኩት፣ ለመላጥ የሚታዘዘውን ሠራተኛ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ)

ማስታወሻ፦ ኒቆዲሞስ፣ ልጄ፤ ይህን ለኃላፊው አይደለም የምጽፈው፤ ለአንተ ነው። በአርባ ቀንህ መድኃኔዓለም ታቅፌህ ቆሜ፣ ቄሱ የጠየቁትን ሁሉ በአንተ ፈንታ የመለስኩት እኔ ነበርኩ፤ አንተ ገና አፍህን አልፈታህምና። በስብሰባው ቀን እኔ እንዳልናገር ተከልክዬ ከኋላ ስቀመጥ፣ አሁን ተራው የእሱ ነው ብዬ ዓይኔን አንተ ላይ ጥዬ ነበር።

ጀማል አሥራ አንደኛውን ልጣፊ ገንጥለን ከሥሩ ያለውን ፊርማህን ለኮሚቴው እናሳይ ይለኛል። ልክ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በቦታው እንደነበርክ ማንም አይጠራጠርም፤ ስሜም በዚያው ይድን ነበር። ነገር ግን ትናንት መሰላል ይዤ ሄጄ በአውራ ጣቴ ተጭኜ አየሁት። ልጣፊው በደንብ ይዟል። ብገነጥለው በዚያ በኩል ውኃ ይገባል። ስለዚህ አልገነጥለውም፤ አንተው ተናገር።